ፕላዝማ ጠረጴዛ በግቢህ ልትሠራ ከሆነ ከብረቱ አትጀምር

ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ አዲስ አበባ ነህ፣ ግቢህ ውስጥ በር፣ መስኮትና አጥር ትሠራለህ። 50 አምፔር የቻይና ፕላዝማ መቁረጫ (በአየርና በኤሌክትሪክ አርክ ብረት የሚቆርጠውን) ገዝተህ እስካሁን በእጅ ነው የምትቆርጠው። ከተበላሸ ስሪዲ ፕሪንተር የወጣ ቦርድና ኔማ 17 ሞተሮች (በስቴፕ የሚዞሩ ትንንሽ ስቴፐሮች) አሉህ። በቱቦላሬ 1.25 በ 2.5 ሜትር ጠረጴዛ በይደህ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚነዳ) ብታደርገው ይሠራል ወይ፣ ቲኤችሲ የሚሉት የከፍታ መቆጣጠሪያስ ግድ ነው ወይ፣ ከየት ልጀምር ነው ያልከው።

ወንድሜ፣ ይሠራል። ግን ባሰብከው ቅደም ተከተል ከሄድክ መሀል ላይ ታለቅሳለህ። እኔ እስካሁን ሦስት ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ፍርስርሱ ወጥቶ ለቆራሌው ነው የሄደው፣ ሁለተኛው ይቆርጥ ነበር ግን እያበሳጨ፣ ሦስተኛው ዛሬም እንጀራዬ ነው። ስለዚህ የምነግርህ በላሜራና በኖዝል የከፈልኩበትን ነው።

ብየዳ የምንችል ሰዎች አንድ በሽታ አለብን፣ ሁሌም ከምናውቀው እንጀምራለን። ፍሬሙን እንበይዳለን፣ በግራይንደር እናሳምራለን፣ ቀለም እንቀባለን፣ ጎረቤት እየመጣ ያደንቃል፣ ከዛ ሞተር እንገጥማለን፣ መጨረሻ ላይ ቶርቹን፣ ማለት አርኩ የሚወጣበትን እጀታ፣ እናስራለን። እኔም እንደዛ ነው ያደረኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፍቼ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ እያየ የመጀመሪያዋን መስመር ላስቆርጥ ስል ቶርቹ ጠጠጠ አለ፣ ስክሪኑ ደረቀ፣ ጋንትሪው (ቶርቹን ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ) ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አርኩ ግን አልቆመም። እዛው ቦታ ላይ ሆኖ ላሜራውን በስቶ ከስር ያለውን ፍላት ብረት መብላት ጀመረ። ሮጬ ስፒናውን ነቀልኩ። ከዛ ለሦስት ወር ያህል ጥፋቱ የፕሮግራም መስሎኝ ሶፍትዌር ስቀያይር ከረምኩ፣ ችግሩ ግን የገዛሁት መቁረጫ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕላዝማ አርኩን የሚለኩስበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ኤችኤፍ የሚባለው ነው፣ ብዙ ሺ ቮልት በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ለቆ በኤሌክትሮዱና በኖዝሉ (አርኩ በሚወጣበት ባለቀዳዳ ጫፍ) መሀል ያለውን ክፍተት በብልጭታ ይዘላል። ሁለተኛው ብሎውባክ ነው፣ ኤሌክትሮዱና ኖዝሉ ተነካክተው ነው የሚቀመጡት፣ ስትጫነው ከረንት ያልፋል፣ የሚመጣው አየር ኤሌክትሮዱን ወደኋላ ገፍቶ ሲያላቅቀው እዛች ክፍተት ላይ አርኩ ይፈጠራል። በእጅ ለሚቆርጥ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው። አጠገቡ ኮምፒውተርና ሞተር ላለው ሰው ግን ኤችኤፉ በቃ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው፣ የቶርቹ ገመድ አንቴና ይሆንለታል፣ ሊሚት ስዊቹ (መንገዱ ጫፍ ላይ ያለው ማቆሚያ ስዊች) ማንም ሳይነካው ተነካሁ ይላል፣ ዩኤስቢው ይቋረጣል፣ ስቴፐሩ በራሱ ጊዜ ይዘላል። ያንተ ስሪዲ ፕሪንተር ቦርድ ደሞ ኢንፑቶቹ ምንም መከላከያ ስለሌላቸው የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው የሚሆነው።

የያዝከው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ምንም ማሽን አያስፈልግህም። መቁረጫውን ከስፒናው ንቀል፣ ትንሽ ጠብቅ፣ የቶርቹን ካፕና ኖዝል ፍታና ኤሌክትሮዱን በጣትህ ጫነው። በስፕሪንግ ገባ ወጣ ካለ ብሎውባክ ነው፣ በጥርስ ታስሮ የማይነቃነቅ ከሆነ ባብዛኛው ኤችኤፍ ነው። ሌላው ዘዴ፣ የድሮ ሬዲዮ አጠገብህ ከፍተህ ቶርቹን ተኩስ፣ ሬዲዮው ከጮኸ መልስህን አገኘህ።

ኤችኤፍ ከሆነ ሽጠው አልልህም። ሁለተኛውን ጠረጴዛዬን በኤችኤፍ ነው ያሠራሁት። ግን ዋጋ አለው፦ መቁረጫውን ከኮምፒውተሩ አርቀህ በጠረጴዛው ተቃራኒ ጎን ታስቀምጣለህ፣ የቶርቹ ገመድ ከሞተር ገመዶች ጋር አንድ ቦይ ውስጥ አይገባም፣ የሲግናል ገመዶቹ ሺልድ ያላቸው ሆነው ሺልዱ በአንድ ጫፍ ብቻ ኧርዝ ይደረጋል፣ ጠረጴዛው የራሱ ኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበርለታል፣ ቶርቹን የሚያስነሳው ሲግናል በሪሌይ ነው የሚያልፈው። ይሄ ሁሉ ሆኖም አልፎ አልፎ ይረብሻል። አሁን ልትገዛ የምታስበው ካለ ግን ብሎውባክ ያለውን ያውም ከጀርባው ሲኤንሲ ሶኬት ያለውን ፈልግ። እንደ ሃይፐርተርም ፓወርማክስ 45 ያሉት አርኩ ላሜራውን ያዘ አልያዘ የሚል ሲግናል ይሰጡሃል፣ የአርኩን ቮልቴጅም በ 50 ለ 1 አሳንሰው ያወጡልሃል። እቺ ሶኬት ምን ያህል ጣጣ እንደምታስቀር ቲኤችሲ ላይ ስንደርስ ታያለህ።

አሁን አየር። ይሄን ማንም አይነግርህም። የ 45 አምፔር መቁረጫ በ 6 ባር አካባቢ በደቂቃ ወደ 190 ሊትር አየር ይፈልጋል። ኮምፕሬሰሩ ላይ 250 ሊትር ተብሎ ተለጥፏል፣ ይበቃኛል ትላለህ። መጀመሪያ ነገር ርካሾቹ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ፒስተኑ የሚጠርገው እንጂ ታንክ ውስጥ የሚገባው አይደለም፣ ስድሳ ሰባ ፐርሰንቱን ካገኘህ ጎበዝ ነህ። ሁለተኛ ደሞ አዲስ አበባ ከ 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ጠለሉ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፣ ስለዚህ ያው ፒስተን ያንኑ ያህል ቢጠርግም የሚያገኘው ቀጭን አየር ነው። አስላው፣ 250 ያልከው በመቁረጫው ስሌት ወደ 120 ይወርዳል። ዝቅ ብላ ያለችው ድሬዳዋ ላይ ያለ ሰው ሠራልኝ ያለህ ኮምፕሬሰር አንተ ጋ ሲመጣ መስመሩ መሀል ላይ ግፊት ይወርድብሃል፣ አርኩ ይጠፋል፣ አንተ ቶርቹን ትሰድባለህ። ወይ ትልቅ ኮምፕሬሰር፣ ወይ ሁለት ታንክ አያይዝ፣ ወይ በየመሀሉ እያረፍክ ቁረጥ።

ከመጠኑ የባሰው ግን እርጥበቱ ነው። አንድ ነሐሴ ላይ በአንድ ቀን አምስት ኖዝል ጨርሻለሁ፣ አምስት! ሻጩ ፎርጅድ ነው የሰጠኝ ብዬ ልጣላው ሄጄ፣ እሱ ምንም ሳይል ተቀብሎኝ ወደ ኤሌክትሮዱ ጫፍ በጣቱ አሳየኝ፣ መሀሉ ላይ ያለችው የሃፍኒየም ነጥብ ተቦርቡራ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ውሃ የገባበት እንደዚህ ነው አለኝ። ከዛ በኋላ ከኮምፕሬሰሩ መውጫ እስከ ታንኩ ድረስ አስር ሜትር የሚሆን የመዳብ ቱቦ ጠምዝዤ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አሳለፍኩት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይለቃል፣ ከዛ ከታንኩ በኋላ ቁልቁል የሚወርድ ቱቦ ከስሩ ማፍሰሻ ያለው፣ ከዛ ፊልተር፣ ከዛ መቁረጫው። ማታ ማታ ታንኩን አፍሳለሁ። ለመፈተሽ፣ የአየር ጎማውን ከመቁረጫው ነቅለህ መስታወት ላይ ለግማሽ ደቂቃ ንፋ። መስታወቱ ላይ ጠል ወይ ቅባት ካየህ ቶርች ውስጥ አታስገባው።

መብራቱንም አስላው። 45 አምፔር ስትቆርጥ የአርኩ ቮልቴጅ 140 ነው ብንል 6,300 ዋት ነው፣ የማሽኑን ብክነት ጨምረህ ከመስመሩ ወደ 33 አምፔር በ 220 ቮልት ይስባል። በዛ ላይ ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ወደ 13 አምፔር፣ ሲነሳማ ከዛም በላይ። የቤት ቆጣሪ ይሄን አይችልም፣ ጎረቤትህም ማታ ቴሌቪዥኑ ብልጭ ድርግም ሲልበት በርህን ያንኳኳል። ስሪ ፌዝ ማስገባት ካልቻልክ በ 30 አምፔር ኖዝል ቁረጥ፣ ለምትሠራው ቀጭን ላሜራ እንደውም እሱ ይሻላል። ኮምፒውተሩንና የሞተሮቹን ፓወር ሰፕላይ ደሞ ዩፒኤስ ላይ አድርግ። መብራት ሲሄድ አርኩ ይጠፋል፣ እሱ አይቀርም፣ ዋናው ነገር ማሽኑ የት እንደነበረ እንዳይረሳ ነው። ሆሚንግ ስዊች (ማሽኑ መነሻ ነጥቡን የሚያገኝበት) በሁሉም አክሲስ፣ ማለት በሁሉም የመንቀሳቀሻ አቅጣጫ፣ ላይ ግጠም የምልህም ለዚሁ ነው፣ መብራት መጥቶ ማሽኑ ሆም ሲያደርግ ያቋረጠበትን መስመር ከነበረበት ነጥብ ማስቀጠል ትችላለህ። ሌላ አገር ያለ ሰው እቺን እንደ ቅንጦት ያያታል፣ እዚህ ግን ያለሷ በሳምንት ሁለት ላሜራ ትጥላለህ።

ቲኤችሲ ግድ ነው ወይ? አንተ ለምትሠራው ሥራ አዎ፣ ግድ ነው። 6 ሚሊ ፕሌት ብቻ የሚቆርጥ ሰው ቢኖር ዝም ብለህ ቁረጥ እለው ነበር፣ ፕሌት ከቦታው አይነሳም። 1 ሚሊና 1.5 ሚሊ ላሜራ ግን ሙቀት ሲነካው እንደ እንጀራ ጠርዝ ይነሳል። ቶርቹ ከላሜራው 1.5 ሚሊ ከፍታ ላይ ነው መሄድ ያለበት፣ ላሜራው በ 4 ሚሊ ከተነሳ ቶርቹ ይገጨዋል፣ ከወረደ ደሞ አርኩ ይረዝምና ቁርጡ ይንጋደዳል። ቲኤችሲ ማለት ታዲያ የአርኩን ቮልቴጅ እያነበበ ቶርቹን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ነገር ነው። አርኩ ሲረዝም ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ሲያጥር ይቀንሳል፣ በግምት 5 ቮልት ግማሽ ሚሊ ነው። 120 ቮልት ላይ ያዝልኝ ትለዋለህ፣ እሱ ይይዛል።

ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ ማዕዘን ላይ ነው፣ ማሽኑ ጥግ ሲደርስ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሲቀንስ አርኩ አንድ ቦታ ስለሚቆይ መንገዱን ያሰፋዋል፣ ሲሰፋ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ቲኤችሲው ራቅኩ ብሎ ቶርቹን ወደታች ይነዳውና ላሜራው ላይ ይሰካዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ ካዘዝከው 90 ፐርሰንት በታች ሲወርድ ቲኤችሲው እጁን እንዲሰበስብ ማዘዝ አለብህ። ሌላው ኤሌክትሮዱ ሲያልቅ ነው፣ ጉድጓዱ ሲጠልቅ አርኩ ከውስጥ በኩል ስለሚረዝም ቁመቱ ሳይቀየር ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ቶርቹ ቀስ በቀስ እየወረደ ይመጣል። ጠዋት በደንብ ሲቆርጥ የነበረ ከሰዓት መጋጨት ከጀመረ መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን እይ፣ ጉድጓዱ 1.5 ሚሊ አካባቢ ከደረሰ ጣለው።

ቲኤችሲው ከመሥራቱ በፊት ደሞ ማሽኑ ላሜራው የት እንዳለ ማወቅ አለበት፣ በእያንዳንዱ መብሻ ላይ ወርዶ ይነካል፣ ወደ 3.8 ሚሊ ከፍ ይላል፣ ይበሳል፣ ከዛ ወደ 1.5 ወርዶ ይቆርጣል። ሲበሳ ከፍ የሚለው የቀለጠው ብረት ወደላይ ስለሚተፋ ነው፣ ዝቅ ብሎ ከበሳ ኖዝሉን ራሱ ይዘጋዋል። ለመንካቱ ቶርቹን በትንሽ ስላይድ ላይ አንሳፈህ ሲነካ ማይክሮ ስዊች እንዲጫን ማድረግ ይቻላል፣ ርካሽ ነው። ግን 1 ሚሊ ላሜራ ላይ ቶርቹ ሲነካው ላሜራው ራሱ 2 እና 3 ሚሊ ይረግባል፣ ስለዚህ ቁመቱን ተሳስቶ ያነባል። በኤሌክትሪክ ንክኪ የሚያውቀው፣ ኦህሚክ የሚሉት፣ ለቀጭን ይሻላል። እኔ ሁለቱንም ነው የገጠምኩት፣ ቀለም ወይ ዝገት ያለበት ላሜራ ላይ ኦህሚኩ ሲያቅተው ስዊቹ ያድነዋል።

ያንተ መቁረጫ ሲኤንሲ ሶኬት ከሌለው ቮልቴጁን ከውስጥ ማውጣት ሊኖርብህ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ውስጡ አርክ ከመነሳቱ በፊት ከ 250 ቮልት በላይ ዲሲ አለ፣ ካፓሲተሮቹም ከነቀልከው በኋላ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው ጥራ፣ ከመቁረጫው ሳይወጣ በሬዚስተር የሚያሳንስ ዲቫይደር ያስገባልህ።

ወደ ሞተሮችህ እንምጣ። ፕላዝማ ላሜራውን አይነካም፣ ስለዚህ እንደ ሚሊንግ ማሽን ጉልበት አይፈልግም፣ ሞተሩ የሚታገለው ከጋንትሪው ክብደት ጋር ብቻ ነው። ታዲያ ኔማ 17 አይበቃም ወይ? ለዜድ፣ ቶርቹን ከፍ ዝቅ ለሚያደርገው አክሲስ፣ ይበቃሃል። ለረጅሙ አክሲስ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱ ደሞ አክስለሬሽን፣ ማለት ፍጥነት ቶሎ የመጨመር አቅም፣ ነው። ቀጭን ላሜራ በፍጥነት ነው የሚቆረጠው፣ 6 ሜትር በደቂቃ እንበል፣ ማለት 100 ሚሊ በሰከንድ። ጋንትሪህ ከብዶ ሞተሩ ደክሞ አክስለሬሽንህ 500 (በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ 500 ሚሊ በሰከንድ የሚጨምር) ከሆነ እዛ ፍጥነት ለመድረስ 10 ሚሊ መንገድ ትጨርሳለህ። ለበር የምትቆርጠው የአበባ ጌጥ ጥምዝማዙ ራሱ 10 ሚሊ ነው! ማሽኑ ያዘዝከው ፍጥነት ላይ ሳይደርስ ነው ዞሮ የሚያልቀው፣ ጥምዝማዙ ሁሉ ይቃጠላል። አክስለሬሽኑን 2000 ካደረስከው 2.5 ሚሊ ላይ ይደርሳል። ለዛ ነው ቀጭን ላሜራ ከወፍራም የተሻለ ማሽን ይፈልጋል የምለው፣ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል።

ስለዚህ ኔማ 23፣ 3 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ለረጅሙ አክሲስ ሁለት፣ ለጋንትሪው አንድ። ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ሳጥን) ዲኤም 542 ከ 36 ወይ 48 ቮልት ሰፕላይ ጋር ይበቃል። ማስተላለፊያው ሞጁል 1 ራክ (ጥርስ ያለው ቀጥ ያለ ብረት) ከ 20 ጥርስ ፒኒየን (ራኩ ላይ የሚዞር ትንሽ ጊር) ጋር ከሆነ ፒኒየኑ አንዴ ሲዞር 62.8 ሚሊ ይሄዳል፣ ይሄ ለስቴፐር ሸካራ ነው፣ በቺንጋ 3 ለ 1 ብታሳንሰው 20.9 ሚሊ ይሆናል፣ ሞተሩን በ 2,000 ስቴፕ ብትከፋፍለው በሚሊ 95 ስቴፕ ገደማ ይወጣል። በ 10 ሜትር በደቂቃ ስትሮጥ ሞተሩ 480 ዙር አካባቢ ነው፣ እዛ ላይ ስቴፐር ገና ጉልበት አለው።

ፍሬሙ ላይ ብዙ አልልህም፣ ካንተ የተሻለ አላውቅም። መጠኑን ግን አሳንሰው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኘው ላሜራ 1 በ 2 ሜትር ነው፣ 1.25 በ 2.5 ለምን? በየጎኑ አስር ሳንቲም ትርፍ ይበቃል። የታችኛው ፍሬም ይክበድ፣ 60 በ 60 ቱቦላሬ ወፍራሙን ውሰድ፣ ጋንትሪው ግን ይቅለል። በይደህ ስትጨርስ ብረቱ እንደሚሸሽ ታውቃለህ፣ ስለዚህ ሪሉ (ጋንትሪው የሚንሸራተትበት ሐዲድ) የሚያርፍበትን በብየዳ ሳይሆን በብሎን አድርገው፣ ከስሩ በቀጭን ላሜራ እየደገፍክ ታስተካክለዋለህ። ዲያጎናሉን ከጥግ እስከ ጥግ ለካ፣ በ 2 ሜትር ላይ ከ 1 ሚሊ በላይ ልዩነት ካለ አትቀጥል። ኩሽኔታና ዘንግ ከምናለሽ ተራ ልታገኝ ትችላለህ፣ የጋንትሪውን ሪል ግን አዲስ ግዛ።

ከስሩ የውሃ ገንዳ አድርግለት። በደረቅ ጠረጴዛ ግቢ ውስጥ የምትቆርጥ ከሆነ ጥቁሩ ብናኝ የታጠበ ልብስ ላይ፣ የተሰጣ በርበሬ ላይ፣ የልጆቹ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ከ 2 ሚሊ ላሜራ በይደው፣ ብየዳው እንዳያፈስ ከውጭ በኩል ኖራ ቀብተህ ሲደርቅ ከውስጥ ስፌቱን በነጭ ጋዝ ቀባው፣ ቀዳዳ ካለ ኖራው ላይ እርጥብ ነጥብ ታያለህ። ከዛ ጋዙን በደንብ በሳሙና አጥበህ ነው ውሃ የምትሞላው፣ እቺን ረስቶ አርክ የለኮሰ ሰው አይቻለሁ፣ ቅንድቡ እስኪበቅል ጊዜ ወስዷል። ላሜራው የሚያርፍባቸውን ፍላት ብረቶች አትበይዳቸው፣ ቦይ ላይ ሰክተህ ተዋቸው፣ ሲበሉ ትቀይራለህ። አሉሚኒየም ግን ውሃው ላይ አትቁረጥ። የአሉሚኒየም ብናኝ ከውሃ ጋር ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ከስር ይጠራቀምና ይፈነዳል።

ኮንትሮለር ላይ ያን ፕሪንተር ቦርድ እርሳው። ተራው ጂአርቢኤል የሚባለው የሲኤንሲ ሶፍትዌርም ቲኤችሲ የለውም። እኔ አሁን የምጠቀመው ሊኑክስሲኤንሲ ከኩቲፕላዝማሲ ጋር ነው፣ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል፣ መብሻ ከፍታ፣ መብሻ ጊዜ፣ ቮልቴጅ፣ ማዕዘን ላይ እጅ መሰብሰብ የሚባለው ሁሉ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ሜሳ የሚባለውን ካርድ በኔትወርክ ገመድ ነው የሚያገናኘው፣ ኔትወርክ ከዩኤስቢ ይልቅ ረብሻ ይችላል። ካርዱን ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ነው ያስመጣሁት፣ ከሻንጣው ላይ እቺ ብቻ ናት ያንተ ተብዬ። አንድ የሚጥመኝ ነገር ኮምፒውተሩ ቢደርቅ ካርዱ ራሱ አውትፑቶቹን ያጠፋል፣ አርኩ ይቆማል። የመጀመሪያው ጠረጴዛዬ ይሄ ቢኖረው ኖሮ ያ ፍላት ብረት አይበላም ነበር።

ስዕሉ ላይ አንድ የኛ ብቻ የሆነ ጣጣ ልንገርህ። የሱቅ ታፔላ ወይ የግቢ ስም በፊደል ልታስቆርጥ ነው እንበል። ኢንክስኬፕ የሚባል የስዕል ሶፍትዌር ላይ በግዕዝ ፎንት ትጽፋለህ፣ ወደ ዲኤክስኤፍ (የስዕል ፋይል ዓይነት) ስትልከው ባዶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ፓዝ፣ ማለት ወደ ተራ መስመር፣ መቀየር አለብህ። ቀየርክ፣ ቆረጥክ፣ ላሜራውን ስታነሳ የ«መ» ሁለቱ ሆዶች ገንዳ ውስጥ ወድቀዋል፣ «ወ» አንድ ትልቅ ቀዳዳ ሆኗል፣ «ዐ» ዝም ብሎ የቁልፍ ቀዳዳ። የመጀመሪያው ሥራዬ የሆነ ቡና ቤት ታፔላ ነበር፣ «ዓለም» የሚል፣ ደንበኛው መጥቶ ሲያይ ምንድነው የሚለው አለኝ። ስለዚህ ለያንዳንዱ የተዘጋ ሆድ ድልድይ ትተውለታለህ፣ 2 እና 3 ሚሊ ስፋት። ከላይና ከታች ብታደርገው ዓይን ብዙ አይይዘውም፣ ጎን ላይ ካደረከው ፊደሉ ሌላ ፊደል ይመስላል። መስቀል የምትቆርጥ ከሆነም ያው ነው፣ የላሊበላ መስቀል ውስጡ ሁሉ ክፍት ስለሆነ የቱ እንደሚወድቅ የቱ እንደሚቀር ቀድመህ ቀለም ቀብተህ እይ። ደሞ ፎንቱ ሲቀየር በሺ የሚቆጠር ጥቃቅን መስመር ይሆናል፣ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፣ ሺትካም (ስዕሉን ወደ መቁረጫ መንገድ የሚቀይረው ሶፍትዌር) ላይ ስታስገባ ወደ ቅስት እንዲያስተካክለው አድርግ።

አርኩ ወደ 1.4 ሚሊ የሚሆን ስፋት ይበላል፣ ሶፍትዌሩ ላይ ይሄንን አስገባ። አቅጣጫውም ለውጥ አለው፣ አየሩ ቶርች ውስጥ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ከመንገዱ በስተቀኝ ያለው ጠርዝ ቀጥ ይላል፣ በግራ ያለው ይንጋደዳል፣ ስለዚህ የውጭውን ዙሪያ በሰዓት አቅጣጫ፣ የውስጡን ቀዳዳ በተቃራኒው፣ ሁሌም ከውስጥ ጀምረህ። ትንንሽ ቀዳዳ ላይ ፍጥነቱን ወደ 60 ፐርሰንት አውርድ። ከስር የሚንጠለጠለውን ስላግ አንብበው፣ ወፍራምና በመዶሻ መታ ሲሉት የሚረግፍ ከሆነ ዘገምክ ማለት ነው፣ ቀጭንና እንደ ሙጫ የያዘ ከሆነ ፈጠንክ ወይም ቶርቹ ከፍ አለ።

ዓይንህን ደሞ በፀሐይ መነፅር አትሸፍን፣ ለ 45 አምፔር 6 ቁጥር ጥቁር ያስፈልጋል። ግቢ ስለሆነ ልጆች ሊያዩ ይመጣሉ፣ እነሱን ማባረር አትችልም፣ በጠረጴዛው ሦስት ጎን የብየዳ መጋረጃ ስቀል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ስትቆርጥ ጭሱ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጥሃል፣ ማስክና ንፋስ ግድ ነው። በፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረትም ሳይደርቅ አርክ አታስነካው፣ አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ነው፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ዋጋ ጠይቀህ ነበር፣ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። ቱቦላሬ ለመግዛት ገና አትውጣ። መጀመሪያ ኤሌክትሮዱ በስፕሪንግ ይገባል አይገባም የሚለውን አይተህ ጻፍልኝ፣ ከመቁረጫው ጀርባ የተለጠፈውን የአምፔርና የዱቲ ሳይክል (ሳያርፍ ስንት ጊዜ መቁረጥ እንደሚችል የሚናገረው) ቁጥር፣ የኮምፕሬሰርህን ታንክ ሊትር፣ ቆጣሪህ ላይ ያለውን ብሬከር ስንት አምፔር እንደሆነም ጨምር። የሞተሩንና የፒኒየኑን ነገር ከዛ ተነስተን እናሰላዋለን።